«እስቲ ማን ነኝ?»፦ ስምና መልክ ለመያዝ የትኛው ዘዴ ያዋጣል?

ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ ተቀምጬ ጥብስ እየበላሁ ነበር። አንዲት እናት ጠረጴዛችን ድረስ መጡ። ሦስቴ ሳሙኝ፣ አራተኛም ጨመሩበት። ከዚያ ትከሻዬን እንደያዙ ትንሽ ራቅ ብለው አዩኝና ያቺን ጥያቄ ወረወሩ።

«እስቲ ማን ነኝ?»

መልካቸውን አውቀዋለሁ። ድምፃቸውንም አውቀዋለሁ። የጥርሳቸው ፍንጭት ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ስማቸው ግን ድራሹ የለም። «እርስዎንማ እንዴት እረሳለሁ!» አልኩ። «እኮ፣ ማን ነኝ?» አሉ። የዋዛ ሴት አይደሉም። ጠረጴዛው በሙሉ ጉርሻውን ይዞ አፍ አፌን ያየኛል። ኋላ ራሳቸው አዘኑልኝና «አስካለ ነኝ እንጂ! ሦስት ዓመት ሙሉ ዕድር ስከፍልህ!» ብለው ገላገሉኝ።

ነውሩ እዚህ ላይ ነው። እኔ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገቤ ላይ 140 ቤተሰብ አለ። ሥራዬ ስም መጻፍ፣ ስም መጥራትና በቀረ ሰው ስም ላይ ቅጣት ማስፈር ነው። እሳቸው ከሰፈር ከለቀቁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው የሚመክረውን ዘዴ ሁሉ ስሞክር ከረምኩ። አንዳንዱ ሠራ። አንዳንዱ ከነጭራሹ አዋረደኝ። የትኛው ለየትኛው ቦታ እንደሚሆን እንዳየሁት ልንገራችሁ።

መልክ ይቀራል፣ ስም ይሄዳል

«ጭንቅላቴ አይሠራም» ብላችሁ ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። መልክ ማወቅና ስም ማስታወስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መልክ ራሱ መጥቶ ፊታችሁ ይቆማል። እናንተ የሚጠበቅባችሁ «አዎ፣ አይቼዋለሁ» ማለት ብቻ ነው። ስም ግን ከባዶ ተቆፍሮ መውጣት አለበት።

መልክ ላይ ጎበዞች ነን። በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ሰው በአማካይ ወደ 5,000 መልክ ያውቃል። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ወደ 1,000 የሚያውቅም አለ፣ ወደ 10,000 የሚያውቅም አለ።

ስም ላይ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። እንግሊዞች «ቤከር» የሚባል የሰው ስም አላቸው። ቃሉ ዳቦ ጋጋሪ ማለትም ነው። በ1987 በታተመ ጥናት ሰዎች የማያውቁትን ሰው ፎቶ እያዩ ስሙንና ሙያውን እንዲይዙ ተደረገ። ያው አንድ ቃል ሙያ ሆኖ ሲነገራቸው ያስታውሱታል። ስም ሆኖ ሲነገራቸው ይጠፋቸዋል። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። «እንጀራ ጋጋሪ ናት» ስትባሉ ምጣዱ፣ ሊጡ፣ ጭሱ፣ የአክንባሎው እንፋሎት ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ፈረንጅ «ቤከር እባላለሁ» ሲል ግን ምንም ተከትሎ አይመጣም። ድምፅ ብቻ ነው።

እኛ እዚህ ላይ ትንሽ ዕድለኞች ነን። የእኛ ስም አብዛኛው ይናገራል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ዘዴዎቹን ስናወዳድር ወሳኟ እሷ ናት።

ስሙን ደገም ማድረግ

በጣም የተለመደው ምክር ይህ ነው። «ሄለን እባላለሁ» ስትላችሁ «ሄለን፣ ደስ ይላል» በሉ። ከዚያ በወሬው መሃል ሁለት ሦስቴ ጥሯት።

ዘዴው የሚሠራው ብዙዎቻችን በማናስበው ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አልረሳነውም፤ መጀመሪያውኑ አልሰማነውም። የእኛን ሰላምታ አስቡት። እጅ ይጨበጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፣ «ደህና ነህ? ሰላም ነው? ቤተሰብ እንዴት ነው?» ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይፈሳል። ስሙ በዚያ መሃል እንደ ዝንብ ሽው ብሎ ያልፋል። ክብ ሠርቶ ተራ በተራ መተዋወቅ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ማልኮልም ብሬነር የተባለ ተመራማሪ በ1973 እንዳሳየው፣ ሰዎች በየተራ ቃል ሲያነቡ ከራሳቸው ተራ በፊት የተነበበውን ከሌላው ይልቅ አያስታውሱትም። ተራቸው እስኪደርስ የራሳቸውን እያሰቡ ነዋ። ስብሰባ ላይ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ስም የሚጠፋችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ስም መድገም ጆሮን ይከፍታል። ከዚያ በላይ ብዙ አትጠብቁበት። ደግሞ ሲበዛ ያስጠላል። በየዓረፍተ ነገሩ ስሜን የሚጠራ ሰው ሲገጥመኝ መሬት ሊሸጥልኝ ይመስለኛል። ታላቅ ሰው ፊት ደግሞ ባዶ ስም መደጋገም አይቻልም። «እትዬ»፣ «ጋሼ» ካልቀደመው ብልግና ነው።

ካልሰማችሁ ወዲያው ጠይቁ። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» የምትለው ጥያቄ በመጀመሪያው ደቂቃ ዋጋዋ ነፃ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ነው የምትወደደው።

የስሙን ትርጉም መያዝ

ለአገር ቤት ሰው በጣም የምመክረው ይህን ነው። ምንም ወጪ የለውም፣ ጨዋታም ያመጣል።

ስንታየሁ ሲባል አንድ ቤተሰብ ብዙ መከራ ማየቱን እንሰማለን። ምትኩ ወይም ካሳ ሲባል ከእሱ በፊት የሄደ ሰው ሊኖር እንደሚችል እንጠረጥራለን። በላይነሽ፣ ማናለብሽ፣ ሺመልስ፣ ይታገሱ፣ ሁሉም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። «ስምህን ማን አወጣልህ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሰውየው ራሱ ስሙን የሚይዝላችሁን ችንካር ይመታላችኋል። አያቱ ያወጡለት ከሆነ አያቱ ይመጣሉ፤ የተወለደበት ቀን ዝናብ ከነበረ ዝናቡ ይመጣል። በ1987ቱ ጥናት ዳቦ ጋጋሪውን የጠቀመው ይኸው ነበር። ስሙ ብቻውን መንጠልጠሉ ይቀራል።

እትዬ አስካለን የያዝኩት እንዲህ ነው። ሠርጉ ላይ ካፈርኩ በኋላ ትርጉሙን ጠየቅኋቸው። ግዕዝ መሆኑን፣ የወይን ዘለላ ማለት መሆኑን ነገሩኝ። የንግሥት ዘውዲቱም የክርስትና ስም አስካለ ማርያም ነበር። አሁን እሳቸውን ሳስብ ዘለላውም ዘውዱም አብሮ ይታየኛል።

አማርኛ ያልሆነ ስምም ይጠየቃል። እንዲያውም እሱ ይበልጥ ይጣፍጣል። ጫልቱ በኦሮምኛ የምትበልጥ ማለት ስለሆነች ከእኛዋ በላይነሽ ጋር ዝምድና አላት። ሓጎስ በትግርኛ ደስታ ነው። ይህን ካወቃችሁ ስሙን ከማትረሱት የራሳችሁ ቃል ጋር አሰራችሁት ማለት ነው።

ግን ሁለት ወጥመድ አለበት። አንዱ፣ ትርጉሙ ይቀርና ድምፁ ያመልጣል። ደሳለኝ የሚባል ጎረቤቴን ሁለት ወር ሙሉ «ደስታ» እያልኩ ጠራሁት። ጨዋ ስለሆነ አላረመኝም። ደስታው ራሴ ውስጥ ገብቷል፣ «አለኝ» የምትለዋ ግን ውጭ ቀርታለች። ብርሃኑ፣ ብርሃኔ፣ ብርሃነ እያለ የሚሄደው መንገድ ላይም ብዙ ሰው ይወድቃል። ትርጉሙን ስትይዙ የስሙን ጅራት አብራችሁ ያዙ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሐዘን ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ከኋላቸው ሞት ሊኖር ይችላል። በመጀመሪያ ቀን፣ በሰው መሃል፣ «ለምን እንዲህ ተባልክ?» ብሎ መቆስቆስ ደግ አይደለም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ጭራሽ። (ማስረሻ የሚባል ሰው ስሙን ብትረሱበት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም።)

መልክ ላይ ሥዕል መስቀል

የማስታወስ ውድድር የሚያሸንፉ ሰዎች ዘዴ ይህ ነው። የዓለም የማስታወስ ሻምፒዮና ከ1991 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን ስምና መልክ ማዛመድ ራሱን የቻለ አንድ ዘርፍ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሰውየው ፊት ጎልቶ የሚታይ አንድ ነገር ትመርጣላችሁ፤ ቅንድብ፣ አገጭ፣ ጆሮ። ከዚያ ስሙን ወደሚታይ ነገር ትለውጡና እዚያ ላይ ትሰቅሉታላችሁ። ከበደ ከሆነ ቅንድቡ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ትጭኑበታላችሁ። ነገሩ በጣም በሞኘ ቁጥር ይበልጥ ይያዛል።

ቤት ቁጭ ብላችሁ ፎቶ እያያችሁ ከሆነ በእርግጥ ይሠራል። ሰው መሃል ግን ሌላ ነው። በ2005 የታተመ አንድ የእንግሊዞች ሙከራ በእውነተኛ ግብዣ ላይ ዘዴዎችን አወዳድሮ ነበር። የሥዕሉን ዘዴ የተማሩት ምንም ዘዴ ካልተነገራቸው አልበለጡም። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። አንዱን አዲስ አባል አፍንጫ ላይ ሥዕል ስሰቅል ሰውየው ሥራውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የልጆቹን ብዛት ነግሮኝ ጨርሷል። አንዱንም አልሰማሁም። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰቀልኩት ሥዕል ራሴን አሳቀኝ። ሰውየው እንዲህ በቁም ነገር ስለ ቀብር ማስፈጸሚያ እያወራኝ!

ዘዴው የሚያዋጣበት አንድ ቦታ ግን አለ። ውጭ አገር ያላችሁ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የፈረንጅ ስም ለእኛ ጆሮ ትርጉም የለውም፤ «ማን አወጣልህ?» ቢባልም ከአያቱ ስም በቀር ብዙ ታሪክ አይገኝም። ስለዚህ ድምፁን ወደ አማርኛ መጎተት ነው። ጀርመን የምትኖር እህቴ የሥራ ባልደረቦቿን የያዘቻቸው እንዲህ ነው። ዩርገን፣ ጺሙ በሙሉ እርጎ የነካው ሰው ነው። ዋልተር ትከሻው ላይ ዋልታ ተሸክሞ ይገባል። ሳሊ ስታወራ መሃል ላይ ሳል ይይዛታል። ቅኔ እንደመቁጠር ነው፤ ሰሙን ስታገኙት ወርቁ ይከተላል። ለሰዎቹ ግን አትንገሯቸው።

ዝም ብሎ በልብ መጥራት

«አንድ ብቻ ምረጥ» ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው። ከዘዴዎቹ ሁሉ ተንኮል የሌለበት እሱ ነው። ምናልባት ሰው የማይሞክረውም ለዚያ ይሆናል።

ስሙን ከሰማችሁ በኋላ ለአንድ አፍታ ትተዉታላችሁ። ከደቂቃ በኋላ ሰውየውን አይታችሁ በልባችሁ «ማን ነበር?» ትላላችሁ። ትመልሳላችሁ። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና። ለምግብ ስትሰለፉ እንደገና። ስትሰነባበቱ ስሙን ጠርታችሁ «ቻው» ትላላችሁ። ማታ ጫማችሁን ስታወልቁ አንዴ፣ በነጋታው ቡና ላይ አንዴ። ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ምስጢሩ እሱ ነው።

ቶማስ ላንዳወርና ሮበርት ብዮርክ በ1978 ይህንኑ በስም ፈትነውታል። እየሰፋ በሚሄድ ጊዜ ስሙን ከራስ ማውጣት፣ ዝም ብሎ ደጋግሞ ከማየት በለጠ። ቅድም ባነሳሁት የ2005 የግብዣ ሙከራም ያሸነፈው ይኸው ነው። ከቀናት በኋላ ሲጠየቁ፣ በልባቸው ሲጠሩ ያመሹት ሰዎች ከሌሎቹ በግልጽ በልጠው ተገኙ።

ምክንያቱ ከመርሳት ጠባይ ጋር ይሄዳል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና ራሱ ሲረሳ መዝግቧል። መርሳት መጀመሪያ ላይ በጣም ይፈጥናል፣ ኋላ ቀስ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን አንድ ሰዓት የጠበቀ ብዙ አተረፈ።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን የሚይዘው እንዴት ነው? ማታ ብርሃን በሌለበት ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። የሚያየው ፊደል የለም። ያንኑ እያነበነበ ያድራል፣ ጠዋት ከመምህሩ ፊት ቆሞ ያወርደዋል። ተማሪው ትምህርቱ የእሱ መሆኑን የሚያውቀው ከራሱ አፍ ሲወጣ ነው።

ጉድለትም አለው። ጀማሪ ሰው እስኪለምደው ድረስ መጥራቱን ራሱን ይረሳል። እኔ ምልክት አበጅቻለሁ፤ ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ስም እጠራለሁ። ሠርግ ላይ ይህ ብዙ ስም ነው። ሌላው፣ መጀመሪያ የሰማችሁት ስሕተት ከሆነ ስሕተቱን ታጸኑታላችሁ። የደሳለኝን ጉድ አስታውሱ። እስክትሰነባበቱ ድረስ አንዴ ጮክ ብላችሁ ጥሩትና ፊቱን እዩ።

ወረቀትና ስልክ

እዚህ ላይ ሕዝባችን ሊቅ ነው። ስልካችሁን ክፈቱት። «ታደሰ ቧንቧ»፣ «ሄለን ባንክ»፣ «አቤል ዲሽ»፣ «ሰሚራ የናቲ አስተማሪ»። ማንም አላስተማረንም፤ ስም ብቻውን እንደማይቆም ገብቶን በሙያ፣ በሰፈር፣ በልጅ አስደግፈነዋል።

ወረቀት አይረሳም፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ጉዳቱ ደግሞ ወረቀቱ ስለማይረሳ እናንተ ትረሳላችሁ። የእኔ ውርደት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሦስት ዓመት የእትዬ አስካለን ስም በየወሩ በእጄ ጽፌያለሁ፤ ከራሴ ግን አንዴም አላወጣሁትም። አሁን መዝገቡን ሳልከፍት መጀመሪያ «እሳቸው ማን ናቸው?» ብዬ እገምትና ነው የማየው። አንዲት ሰከንድ ናት። ለውጧ ግን ብዙ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ስልክ ላይ ስድብ አትጻፉ። አንድ ጓደኛዬ አንዱን ሰው «መኮንን ጨቅጫቃ» ብሎ መዝግቦት ነበር። ሰውየው አጠገቡ ቆሞ ኔትወርክ ሊሞክር ደወለለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተዉት። ደግሞ ቴሌግራም ላይ ባለው ፎቶ መልክ አጠናለሁ እንዳትሉ። ግማሹ አበባ ነው፣ ሩቡ የልጁ ፎቶ ነው፣ የቀረው ቅዱስ ሥዕል።

ቦታና ሰው

ቦታን መደገፊያ ማድረግ የጥንት ነው። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ሲሴሮ እንደተረከው፣ ሲሞኒደስ የተባለው የግሪክ ባለቅኔ የግብዣ አዳራሽ ተደርምሶ መልካቸው ያልለየ ሟቾችን የለያቸው ማን የት ተቀምጦ እንደነበር በማስታወስ ነው። ለአስተማሪ ይህ ፍቱን ነው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ የመቀመጫ ካርታ ሣሉ፤ ለሁለት ሳምንት ቦታ እንዳይቀይሩ አድርጉ፤ ስም ስትጠሩ ወረቀቱን ሳታዩ ሞክሩ።

ችግሩ ሰው ከቦታው ይነሳል። ጆርጅ ማንድለር በ1980 የጻፈው ምሳሌ አለ። አውቶቡስ ውስጥ የሆነ ሰው ታያላችሁ፤ እንደምታውቁት እርግጠኛ ናችሁ፤ ማን እንደሆነ ግን ፍጹም አይመጣላችሁም። ለካ ሥጋ የሚቆርጥላችሁ የሉካንዳው ሰው ነው። ያለ ነጭ ጋዋኑና ያለ ቢላዋው ጠፋባችሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ይህ ያልገጠመው አለ?

ሰውን መደገፊያ ማድረግስ? የጥንት የሮም ባለሥልጣናት የመጪውን ስም በጆሯቸው ሹክ የሚል አገልጋይ ነበራቸው። እኔ ባለቤቴ አለችኝ። ተስማምተናል፤ ሰው ሲመጣ ስሙን ካልጠራሁ ቀድማ እጇን ትዘረጋና የራሷን ስም ትናገራለች። ሰውየውም ይናገራል። አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ብቻችሁን ስትሆኑ ግን የለም።

መልክ ለሚጠፋው

ስም አይጠፋኝም፣ መልክ ነው የሚጠፋኝ የሚል ሰውም አለ። ለእሱ ከላይ ያልኩት ሁሉ ብዙም አይረዳው።

መጀመሪያ፣ ፀጉርን አትመኑ። ሃይደን ኤሊስና ባልደረቦቹ በ1979 እንዳሳዩት፣ የምናውቀውን ሰው በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በአፉ አካባቢ ነው በተሻለ የምንለየው። ለአዲስ ሰው ግን ያ ብልጫ አይኖርም፤ እንደ ፀጉር ያለውን የዳር ዳሩን ነገር በጣም እንደገፋለን። ለእኛ አገር ይህ አደጋ ነው። ለቅሶ ላይ ነጠላ ተከናንባ ያያችኋት ሴት በወሩ ሹሩባ ተሠርታ ትመጣለች። ከዚያ ደግሞ ዊግ። ስለዚህ ከዓይን እስከ አገጭ ያለውን እዩ። የጥርስ ፍንጭት፣ የቅንድብ አቀማመጥ፣ ጠባሳ፣ አሳሳቅ፣ እነዚህ ፀጉር ቤት ሄደው አይለወጡም።

ሁለተኛው ዘዴ የሐሜት ዘመድ ነው። በ1974 ጎርደን ባወርና ማርቲን ካርሊን የፊት ፎቶ ያሳዩአቸውን ሰዎች አንዳንዴ «ሴት ነው ወንድ?» አንዳንዴ «ታማኝ ይመስላል?» ብለው ጠየቋቸው። በኋላ የተሻለ የታወቁት የታማኝነት ጥያቄ የተጠየቀባቸው ፊቶች ናቸው። ስለዚህ አዲስ ሰው ስታዩ በልባችሁ ፍረዱ። «ይህ ሰው 500 ብር ባበድረው ይመልሳል?» ፍርዱ ልክ መሆኑ ግድ አይደለም፤ ለዕድር ገንዘብ ያዥ ምርጫ ግን አትጠቀሙበት።

የቤተሰቡን መልክ እንኳ የሚቸገር ሰውም አለ። ዮአኺም ቦዳመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1947 ስም ያወጣለት ችግር ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ100 ሰው ወደ 2 የሚሆኑት ከልጅነታቸው ጀምሮ አለባቸው ይላል። እንዲህ ያለው ሰው በድምፅ፣ በአካሄድና በአለባበስ ነው ሰው የሚለየው። መንገድ ላይ አይቶ ሰላም ሳይል ያለፋችሁ ሰው ሁሉ ኮርቶባችሁ አይደለም።

ታዲያ የቱን?

እንደ ቦታው ነው። ሠርግና ድግስ ላይ በልብ መጥራት፤ ብርጭቆዋን አትርሱ። አዲስ መሥሪያ ቤት ከገባችሁ ትርጉም ጠይቁ፣ ማታ በስልካችሁ ጻፉ፣ ጠዋት ሳታዩ ሞክሩ። ክፍል ውስጥ ካርታ። ውጭ አገር የእርጎና የዋልታ ጨዋታ። ደንበኛ ለሚያስተናግድ ነጋዴ ከስሙ ይልቅ መልኩና የሚገዛው ነገር ይቅደም፤ «እንደ ወትሮው አንድ ኪሎ?» መባልን የሚጠላ የለም። ለቅሶ ቤት ግን ምንም ዘዴ አትሞክሩ። እዚያ ስም ማጥናት ቦታው አይደለም፤ ኋላ ጎረቤት ይጠየቃል።

ከጠፋስ? ምላሳችሁ ላይ ካለ አትታገሉት። ብራውንና ማክኒል በ1966 እንዳዩት፣ ቃል ምላስ ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ፊደልና የቃሉ ርዝመት ይታወቃል። ስለዚህ በሀ፣ በለ፣ በመ፣ በሰ እያላችሁ ውረዱ። ለእኔ በአስር ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ አይመጣም።

ብልጠቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። «ስምህ ማን ነበር?» «አበበ።» «እሱንማ አውቃለሁ፣ የአባትህን ማለቴ ነው።» ይህ ለአንዴ ይሠራል። ስልኩን ሰጥቶ «እስቲ ቁጥርህን መዝግብልኝ» ማለትም አለ፤ ድሮ ተመዝግቦ ከሆነ ግን ስሙ ራሱ ብቅ ብሎ ያጋልጣችኋል። «ወንድሜ»፣ «እናቴ»፣ «የኔ ጌታ» እያሉ ማለፍ ከሁሉ የቀለለው ነው። ለአንድ ቀን ጥሩ ነው። ለሦስት ዓመት ከተጠቀማችሁበት ግን እንደ እኔ ሠርግ ላይ ትያዛላችሁ።

እኔ አሁን በቀጥታ «ይቅርታ፣ ስምዎ ጠፋብኝ» እላለሁ። አማርኛችን ደግ ነው። ጠፊው ስሙ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ አስካለን አየኋቸው። ከሩቅ፣ በነጠላ ተሸፋፍነው። ፍንጭቷን አይቼ ነው የለየኋቸው። «እትዬ አስካለ!» ብዬ ተጣራሁ። ደስ አላቸው፣ ሦስቴ ሳሙኝ፣ አራተኛም ጨመሩ። ከዚያ አብራቸው ወዳለችው ልጃቸው ዞረው ሊያስተዋውቁኝ ጀመሩ።

«ተዋወቂው፣ ይሄ እኮ የዕድራችን ጸሐፊ ነው። እ... ይሄ...»

ወደ እኔ አዩ። እኔም ዝም ብዬ አየኋቸው።